የምሥራቹ ሳምንት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ቀን በፊታችሁ ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ብዙ ለመናገር ዕውቀቱም ዕድሜውም የለንም። ስለዚህ በዓይናችን ያየነውን የአንድ ሳምንት ነገር ብቻ እናወራለን። ይኸውም በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የጨረሱት ታላላቆቻችን የፈተና ውጤታቸውን የሰሙበት ሳምንት ነው።

ፈተናው እንዴት ያለ እንደ ሆነ ወላጆቻችን ታውቃላችሁ። ከጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ መፈተን ጀመሩ። በዚያ በመጀመሪያው ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶው ተፈታኝ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና ይህ ቍጥር ወደ 8.4 ከፍ አለ። ከፍ አለ ብንልም፣ ከመቶው ተማሪ ከዘጠና አንድ የሚበልጠው ግማሹን አላገኘም ማለት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው የምሥራች የጥቂት ቤት እንግዳ ነው።

ውጤቱ በተለቀቀበት ማታ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን ስለ ከፈተ ኔትዎርኩ ተጨናንቆ ነበር። ከታላላቆቻችን አንዱ፣ ስሙን እንዳንጠራ ስለ ለመነን የማንጠራው፣ የአሥራ ሦስት ጓደኞቹን የመፈተኛ ቍጥር በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ የራሱንም በመጨረሻው መስመር አከለና ኔትዎርክ ወደሚሻልበት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣ። ይህ ወንድማችን ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ያስጠናን የነበረ ስለ ሆነ እኛም አራት ሆነን ተከተልነው። ቍጥሩን ይጽፋል፤ ይጠብቃል፤ ስልኩ እንቢ ይላል፤ እንደ ገና ይጽፋል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ስድስት የምሥራች ተገኘ።

ከኮረብታው ወርዶ ከቤት ወደ ቤት በር እያንኳኳ «የምሥራች!» ይል ጀመር። በአገራችን ወግ የምሥራች ለሚያመጣ ሰው «ምሥር ብላ» ይባላል። እናቶችም «ምሥር ብላ፣ ልጄ!» እያሉ፣ እልል እያሉ ተቀበሉት። አንዲት እናት በባዶ እግራቸው ወጥተው ግንባሩን ሳሙት። አንድ አባት ግን አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ጥቂት ቆይተው ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን ሥራ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ከአራተኛው ቤት ስንወጣ ከእኛ አንዱ «ያንተስ?» ብሎ ጠየቀው። «የእኔ አልሞላም» አለና ወደ አምስተኛው በር ሄዶ አንኳኳ። «የምሥራች!» ሲል ድምፁ እንደ በፊቱ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ሌላም ደስታ መጣ። ማክሰኞ ዕለት፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥታ በዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርቷን የፈጸመች አንዲት እኅታችን በገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ ማግኘቷን ሰማን። ተመራቂዎች ሁሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚፈተኑትን የመውጫ ፈተና አልፋ ነበርና ደስታው እጥፍ ሆነ። በዚያ ቤትም እልልታ ተሰማ።

ዓርብ ማታ ያ ወንድማችን ወደ ማጥኛ ክፍላችን መጣ። በክረምት ብየዳ የተማረበት የብረታ ብረት ቤት ባለቤት በቋሚነት ቀጥረውታል፤ ማታ ማታም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እንዲማር ፈቅደውለታል። ይህን ሲነግረን እኛ ዝም አልን። ከእኛ «ምሥር ብላ» ያለው አልነበረም። የምሥራች ማለት የዩኒቨርሲቲ ወሬ ብቻ ይመስለን ነበርና፣ እናዝንለት ወይስ ደስ ይበለን ብለን ተቸገርን። እርሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። «ለእናቴ የመጀመሪያውን ደመወዝ እሰጣታለሁ» ብሎ ደብተራችንን ገለጠና ወደ ሒሳቡ ገባ። ስለዚያ ዝምታችን እስከ ዛሬ እናፍራለን።

ሌላም የምናፍርበት ነገር አለ። በዚያ ሌሊት ስድስት በር ስናንኳካ ሰባት በር በዝምታ አልፈናል። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ የምትኖር እኅታችን ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ቅዳሜ ዕለት ተሰብስበን ብንሄድ ቡና አፍልታ ተቀበለችንና «ውጤቴን በማግሥቱ ራሴ አየሁት፤ በዚያ ሌሊት ግን የእግራችሁን ኮቴ ሰምቼ ነበር፤ ለምን አለፋችሁኝ?» አለችን። የምንመልሰው አጣን። ያን ቀን የሰጠነው መልስ መጽሐፎቻችንን ማካፈል ብቻ ነው። አሁን እንደ ገና ለመፈተን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ታጠናለች።

ፊደል በቆጠርንበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት የመክሊቱን ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ሁልጊዜም እናደንቅ የነበረው አምስት ተቀብሎ አምስት ያተረፈውን ነው። አሁን ግን አንድ የተቀበለው ሰው ትዝ ይለናል። እርሱ ፈርቶ መክሊቱን ቀበረ። ከእኛም መካከል ሰው ፈርቶ ያለውን እንዳይቀብር በሩን ማንኳኳት የጎረቤቱ ሥራ ነው ብለን እናስባለን።

ታሪክም ይህን ያስተምረናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ለኮሌጅ የታደለው ወጣት እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአስተማሪነት አገለገሉ። ዕድሉን ያገኘው ወጣት ዕድሉ ወዳልደረሰበት ቤት ሄዶ አንኳኳ ማለት ነው። ኮሌጅ የሚገባ ሰው ብድር እንዳለበት ያ ዘመን ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ወላጆቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ልጃችሁ «ሥራ አገኘሁ» ወይም «ሙያ ልማር ተመዘገብሁ» ብሎ ሲመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባው የምትሉትን «ምሥር ብላ» ለእርሱም በሉት። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ለስድስቱም ለሰባቱም እኩል የደከማችሁ እናንተ ናችሁና ምስጋናችንን ተቀበሉን።

እኛም የምንገባው ቃል ይህ ነው። በዚህ ዓመት መጨረሻ ተራው የእኛ ነው። ውጤታችን በሚሰማበት ሌሊት፣ የሞላለትም ያልሞላለትም ተማሪ ቢሆን፣ የክፍላችንን ተማሪዎች በር አንድም ሳንዘል እናንኳኳለን። የምሥራች ለሌለበት ቤት «አለንልህ፣ አለንልሽ» የሚል ቃል ይዘን እንሄዳለን። ያ ወንድማችን ዛሬ ከሥራው አስፈቅዶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧልና፣ ያን ዓርብ ያስቀረንበትን ቃል በሁላችሁ ፊት እንከፍለዋለን፤ ወንድማችን፣ ምሥር ብላ!

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።