ሐሳቡ የሚበተንበት ብልህ ልጅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከተማሪዎች በኩል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ጐበዝ ተማሪዎች ብዙ ተነግሯል፤ ሽልማትም ተሰጥቷል። እኛ ግን ሽልማት ስላልደረሰው ስለ አንድ የክፍል ጓደኛችን፤ እርሱም ስለ ፈቀደልን፤ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ይህ ጓደኛችን መምህራችን የሒሳቡን ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን ያገኛል። ነገር ግን ደብተሩን ረስቶ ይመጣል፤ የቤት ሥራውን ጀምሮ አይፈጽምም፤ ተራው ሳይደርስ ይናገራል፤ እግሩም አያርፍም። እኛ ሳቅንበት፤ አንዳንዶች «ሰነፍ» አሉት፤ በቤቱም ተገረፈ። ሁላችንን ያሳሳተን ግን አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የተበላሸ ራዲዮ ሲያገኝ ምሳውን ረስቶ እስኪመሽ ድረስ ከቦታው አለመነሣቱ ነው። ስለዚህ «ቢፈልግማ ይችል ነበር» እያልን ፈረድንበት።

የሕክምና ሊቃውንት ግን ነገሩን መመርመር ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ጆርጅ ስቲል የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በሎንዶን ባደረገው ንግግር፤ የአእምሮ ጉድለት ሳይኖርባቸው ራሳቸውን መግታት ስለሚቸግራቸው ልጆች አስረድቶ ነበር። ዛሬ ይህ ችግር የትኩረት ጉድለት ይባላል። ስሙ ግን ያሳስታል፤ ልጁ ትኩረቱን ወደሚገባው ሥራ መምራት ይቸግረዋል እንጂ ትኩረት የለውም ማለት አይደለምና። የወደደው ሥራ ራሱ ይይዘዋል፤ የሰለቸውን ግን በፈቃዱ ብቻ ሊይዘው አይችልም። ይህም ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ስለ ሆነ ወላጆች ራሳቸውን ሊወቅሱ አይገባም።

ልጁ ብልህ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይሰወራል። ብልህነቱ ጉድለቱን ይሸፍንበታል፤ ጉድለቱም ብልህነቱን ይጋርድበታል፤ በመጨረሻም መካከለኛ ተማሪ መስሎ ይቀራል። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉት ለእንደኛ ያለው ነው።

እንግዲህ ለጓደኛችን ምን ተደረገለት? መምህራችን ከመስኮቱ አርቀው ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ ሃያውን ጥያቄ አምስት አምስት አድርገው ከፈሉለት፤ ፈጥኖ ሲጨርስም ቀላሉን ከማብዛት ይልቅ ከበድ ያለውን ሰጡት። እናቱ ዱላውን ትተው፤ ለነገ የሚይዘውን ዕቃ ማታውኑ በበሩ አጠገብ አብረውት ያዘጋጃሉ። ሐኪምም አይቶታል፤ መድኃኒት የሚረዳቸው ልጆች ስላሉ ይህን የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው። እኛም መሳቁን ትተን የቤት ሥራውን እናስታውሰዋለን።

ጓደኛችን ዛሬም ደብተሩን አንዳንድ ጊዜ ይረሳል። ነገር ግን ትምህርቱን ሊተው የነበረው ልጅ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጧል። ይህ አሁን የምንናገርበት ድምፅ ማጉያ ትናንት ተበላሽቶ ነበር፤ የጠገነውም እርሱ ነው።

ክቡራን ወላጆች፤ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር፤ ከመቅጣታችሁ በፊት መርምሩት፤ ጉድለቱን ስትረዱም ተሰጥዎውን አትርሱበት ብለን በትሕትና እንለምናለን።