የእድሮችን የጋራ መጠባበቂያ ገንዘብ በተመለከተ ለአባሎች የተደረገ ንግግር

(ባለፈው እሑድ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ የተነበበ ሲሆን፣ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ክረምት የደረሰብንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዓመቱ ውስጥ አስቀድመን ሦስት ሰው ቀብረን ነበር። በነሐሴ ደግሞ በ16 ቀን ውስጥ ጡሩምባው አራት ጊዜ ተነፋ። በደንባችን መሠረት ለአንድ ሐዘንተኛ ቤት 4,000 ብር ስለሚሰጥ፣ ለአራቱ 16,000 ብር ያስፈልግ ነበር። በሣጥናችን የተገኘው 11,400 ብር ብቻ ነው። ሁለቱ ቤቶች ሙሉውን አገኙ፣ ሦስተኛው 3,400 ብር ደረሰው፣ አራተኛዋ ምንም። ልጆቿን ይዛ የቀረች እናት ናት። ድንኳኑን ተክለንላታል፣ ንፍሮውንም ቀቅለናል፤ ገንዘቡን ግን እስከ መስከረም መዋጮ ድረስ አላደረስንላትም። አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችንም። ለእኛ ይህ ከስድብ የባሰ ነበር።

ጥፋቱ የገንዘብ ያዡ አይደለም። መዝገቡን ገልጦ አሳይቷል፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ነገሩ የመጣው እድራችን ትንሽ ስለሆነ ነው። 96 ቤት ነን። አንዳንዱ ዓመት ሁለት ሰው ይሞታል፣ አንዳንዱ ዓመት ሰባት ወይም ዘጠኝ፤ መዋጮው ግን ያው በወር 20 ብር ነው። አሥር እድር አንድ ላይ ቢሆን ግን አንዱ ሲከፋው ሌላው ደህና ይከርማል፣ ይቻቻላል። ሃምሳ ሎሚ የሚለውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም።

ይህ አዲስ ፈጠራ የመሰላቸው አሉ፤ አይደለም። ትልልቆቹ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች እንኳ ብቻቸውን አይቆሙም። የገቡትን ዋስትና ከፊሉን ለሌላ መድን ሰጪ ያካፍላሉ፤ ጠለፋ መድን ይሉታል። ቀድሞ በዚህ ምክንያት የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን አክሲዮን ማኅበር ሥራ ሲጀምር ከፊሉ እዚሁ መቅረት ጀመረ። የባለ መኪናውና የባለ ፎቁ ዋስ ራሱ ዋስ ካለው፣ የእኛ ሣጥን ለምን ብቻውን ይቆማል?

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የኢንሹራንስ ዋጋ በድንገት ሲወደድ፣ ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ዋስ የሚሆናቸው አጡ። በካሊፎርኒያ ያሉት ተሰባስበው በ1989 የራሳቸውን የጋራ መድን ሥራ አስጀመሩ። ሩቅ ነው ካላችሁ ጎረቤታችን ፎገራ አለላችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ያኔ «ላልታመምኩት ምን ብዬ እከፍላለሁ» ስንል የነበርን ሰዎች ዛሬ ደብተሩን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሰለፋለን።

አሁን ወደ ሐሳቡ እንግባ። ከየቤቱ 20 ብር ውስጥ ሁለቷ ብር ወደ ጋራው ሣጥን ትገባለች፤ ተጨማሪ መዋጮ የለም። በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀብሮች እያንዳንዱ እድር በራሱ ይችላል። በቀረው 18 ብር አስልተነዋል፣ በዓመት 20,736 ብር ስለሚሆን ለአምስት ቤት ይበቃል። ከስድስተኛው ጀምሮ ያለውን የጋራው ሣጥን ይከፍላል። በእኛ ልክ አሥር እድር ቢገባ በዓመት 23,040 ብር ይጠራቀማል። ይህ ባለፈው ክረምት ቢኖር ኖሮ ሁለቱ የመጨረሻ ቤቶች ባልጠበቁ ነበር።

አንድ አባታችን «ሁሉም እድር በአንድ ጊዜ ቢመታስ?» ብለው ጠይቀውናል። ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ ሕዝብ እንዳለቀ ይነገራል። እንዲህ ያለ መዓት ቢመጣ እዚሁ ሐሙሲት ዙሪያ ያለን እድሮች ብንተባበር አብረን ነው የምንወድቀው። ስለዚህ ከወረታ በኩል ብቻ ሳይሆን ከደጋው፣ ከደብረ ታቦር በኩልም እድሮች እንዲገቡ እንፈልጋለን። የቆላው ወባ እዚያ እንደ እኛ አይበረታም፤ እነሱም የራሳቸው ክፉ ዘመን አላቸው፣ ያኔ እኛ እንደርሳለን። ሆኖም ሣጥኑ ካለው በላይ ሊከፍል አይችልም፤ ይህን ከወዲሁ እወቁት።

«የእኛ አባሎች ገና ወጣቶች ናቸው፣ የሽማግሌዎችን እድር ለምን እንሸከማለን» የሚሉም አልጠፉም። ወጣት ሆኖ የቀረ እድር ግን እስካሁን አላየንም።

ገንዘቡን ማን ይይዘዋል ለሚለው፣ በባንክ ይቀመጣል፤ ከሦስት የተለያዩ እድሮች የተመረጡ ሦስት ሰዎች ካልፈረሙ አይወጣም። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ጸሐፊዎች ራሳችን እንዳንፈርም ሐሳብ አቅርበናል፤ ለእኛም ይሻለናል።

እስካሁን ያነጋገርናቸው አምስት እድሮች ሲሆኑ፣ ሁለቱ እሺ ብለዋል፣ ሦስቱ የእኛን ውሳኔ ይጠብቃሉ። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት በእድሩ ቤት ነው። የማይስማማ ሰው ከሁሉ በፊት ይናገር፣ በየጠላ ቤቱ አይሁን። በዚያው ቀን የተቀደደውን ድንኳን ስለምንሰፋ፣ ወፍራም መርፌና ሲባጎ ያለው ይዞ ይምጣ።