ትራንስፎርመር ለምን ተለዋጭ ጅረት ይሻል?

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት አንድ የገጠር ደብር፣ በአሜሪካ የሚኖሩ የአጥቢያው ልጆች አምፕሊፋየር ልከው ነበር። ዕቃው በ120 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም አብረው ላኩ። ደብሩ ያለው ግን በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ባለ 12 ቮልት አራት ባትሪዎች ብቻ ነበር፤ በተከታታይ ሲያያዙ 48 ቮልት ይሰጣሉ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ እንዲህ ሲል አሰበ፦ ይህ ዕቃ ቮልቱን በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ ገልብጠን ብናያይዘው እጥፍ ያደርገዋል፤ 96 ቮልት ደግሞ ከሚፈለገው ብዙ አይርቅም። እንዳሰበውም አደረጉ። የአምፕሊፋየሩ መብራት አንድ ጊዜ ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ጥቂት ቆይቶም ትራንስፎርመሩ መጨስ ጀመረ። ፊውዙ በ220ው በኩል የተተከለ ስለ ነበር ሊያድነው አልቻለም።

እኔ ይህን ሰው አልነቅፈውም። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ትራንስፎርመር በእርግጥ ተገልብጦም ይሠራል። ማንም ያልነገረው ነገር ቢኖር ባትሪ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ዓይነት ከመስመሩ የተለየ መሆኑን ነው።

ያን ዕቃ በኋላ ፈትተን አይተነዋል። በውስጡ አንዳች የሚንቀሳቀስ አካል የለም። ስስ የብረት ቅጠሎች ተደራርበው በተሠራ ማዕከል ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ተጠምጥመዋል። በአንደኛው ጅረት ሲያልፍ ብረቱ መግነጢስ ይሆናል። ሁለተኛው ጥቅል ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ግን መግነጢሱ ስላለ አይደለም፤ መግነጢሱ ሲጨምር፣ ሲቀንስ ወይም አቅጣጫውን ሲገለብጥ ነው። እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎች ጠምጥሞ አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ በሁለተኛው ሽቦ በኩል ያለችው መርፌ ለቅጽበት ተወዛወዘች። ባትሪው እንደ ተያያዘ ሲቆይ ግን ወደ ቦታዋ ተመልሳ ቆመች፤ ሲነቀል እንደገና ወደ ሌላው ጎን ዘለለች። በዚያ ደብር ብልጭ ብላ የጠፋችው መብራትም ያየችው ይህንኑ ቅጽበት ነው። ጸናጽልም በእጅ ስለ ተያዘ ብቻ ድምፅ አይሰጥም፤ መወዝወዝ አለበት።

ከባትሪና ከፀሐይ ሰሌዳ የሚወጣው ቀጥተኛ ጅረት፣ በተለምዶ ዲሲ የምንለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። ከመስመሩ የሚመጣው ተለዋጭ ጅረት፣ ማለትም ኤሲ፣ በአገራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ዙሩን እየፈጸመ ይመላለሳል፤ መግነጢሱም ፋታ የለውም። ይህ መለዋወጥ ሁለተኛውን ጥቅል ከመመገቡም በላይ የመጀመሪያውን ይጠብቃል፤ የሚለዋወጠው መግነጢስ የሚገባውን ጅረት መልሶ ይገፋዋልና። ባትሪ ሲያያዝ ግን ይህ ግፊት ወዲያው ይጠፋል፤ የሚቀረው የሽቦው የራሱ አነስተኛ ተቃውሞ ነው። ጅረቱ ያለ ከልካይ ይገባል፤ ሽቦውም ይግላል፤ መከላከያ ቀለሙ ይቃጠላል።

ቮልቱ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው በሁለቱ ጥቅሎች ላይ ያለው የጥምጥም ብዛት ነው። ኃይል ግን አይጨምርም፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል። የመብራት መስመር በየገጠሩ በ15,000 ወይም በ33,000 ቮልት የሚዘረጋውም ስለዚህ ነው፤ ያው ኃይል በዐሥር እጥፍ ቮልት ሲላክ ጅረቱ አንድ ዐሥረኛ፣ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነውም አንድ መቶኛ ይሆናል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር በቀጥተኛ ጅረት ይሠራ የለም ወይ የሚል ቢኖር፣ አዎን፣ በ500,000 ቮልት ይሠራል፤ ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ ጅረቱን የሚለውጡ ታላላቅ ጣቢያዎች አሉት፤ ትራንስፎርመሮቹም የቆሙት በተለዋጩ ጅረት በኩል ነው።

ለዚያ ደብር መፍትሔው ኢንቨርተር ነበር። ኢንቨርተር የባትሪውን ጅረት እያገላበጠ ተለዋጭ ያደርገዋል፤ 220 ቮልት ካወጣ በኋላ ከአሜሪካ የመጣው ዓይነት ትራንስፎርመር በትክክለኛ አቅጣጫው ሊያያዝ ይችላል። ስትገዙ የባትሪውን ቮልት ለሻጩ ንገሩ፤ የኢንቨርተሩም የትራንስፎርመሩም ዋት ከአምፕሊፋየሩ እንዲበልጥ አድርጉ።

መስመር የደረሰላችሁ አጥቢያዎች ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ወይም ኢንቨርተሩን ከግድግዳው ሶኬት ጋር የሚያያይዙ አሉ። ትራንስፎርመር ተገልብጦም እንደሚሠራ አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ። የእናንተ 220 ቮልት በመንገድ ዳር በቆመው ትራንስፎርመር በኩል ወጥቶ 15,000 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይኖራል። በመስመሩና በጄኔሬተሩ መካከል ሁለቱን ከቶ የማያገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ በባለሙያ ሳይተከል ጄኔሬተር ከቤተ ክርስቲያኑ የመብራት መስመር ጋር አይያያዝ።