ለጣና ጀልባ የሚስማማ ሞተር

እሷ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሻገር፣ ባለ ጣሪያዋ ጀልባ ሞተሩ ሲነሳ እንደ ከበሮ ታስተጋባ ነበር። አስጎብኚው ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲናገር አንድም ቃል አልሰማሁም። ከኋላ የተቀመጡት እናት ደግሞ ከጭሱ የተነሳ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር።

እሱ፦ ጭሱ ከበዛ ቱ ስትሮክ ነው፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል። እኔ ብሆን ፎር ስትሮክ ነው የምገዛው። ጉልበቱም ተረፍ ያለ ይሁን፤ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ በሳሳ አየር ሞተር ይደክማል። ትንሹን እስከ ጥግ ከማስጮህ ትልቁን በግማሽ ጋዝ መንዳት ይሻላል።

እሷ፦ ዋጋውስ?

እሱ፦ ይወደዳል፤ ይከብዳልም። የጀልባዋ ኋላ መሸከሙ አስቀድሞ ይታይ።

እሷ፦ ሞተሩ ሲጠፋ የደንገል ታንኳ በአጠገባችን አለፈ፤ ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውኃ ሳይቀር ይሰማ ነበር።