የልደት ወር አበቦችና የውሃ ቀለም ሥዕል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ጓደኞቼ ስለ ሳይንስና ስለ አገር ልማት ሲናገሩ፥ እኔ ስለ አበባ ለመናገር መነሣቴ ምናልባት አንዳንዶቻችሁን ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን አበባ ቀላል መስሎ ቁም ነገር የያዘ ስለ ሆነ፥ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር ለያንዳንዱ ወር አበባ ተመድቦለታል፤ ሰውም በተወለደበት ወር አበባ ሥዕል ያጌጠ የልደት ካርድ ይላክለታል። የጃንዋሪ አበባ ካርኔሽን፥ የማርች ዳፎዲል፥ የኤፕሪል ዴዚ፥ የጁን ጽጌረዳ፥ የኦገስት ግላዲዮለስ፥ የሴፕቴምበር አስተር፥ የኖቬምበርም ክሪሳንተመም ነው። ለያንዳንዱም ትርጉም አለው። ዴዚ የንጹሕ ልብ፥ ጽጌረዳ የፍቅር፥ ዳፎዲል የአክብሮት ምልክት ነው ይላሉ። ግላዲዮለስ ማለት በላቲን ቋንቋ «ትንሽ ሰይፍ» ማለት ነው፤ ቅጠሉ ሰይፍ ስለሚመስል የብርታት ምልክት አድርገውታል።

ይህ ለአበባ ትርጉም የመስጠት ልማድ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ ወደ ቁስጥንጥንያ ይወስደናል። ሌዲ ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ የተባለች የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት በ1717 እና በ1718 በዚያ ከተማ ሳለች፥ የቱርክ ሰዎች ያለ ጽሕፈት የሚላላኩበትን ዘዴ በደብዳቤዋ ገልጻለች። አበባና ፍሬ ሌላም ትንንሽ ዕቃ በከረጢት ተደርጎ ይላካል፤ ለያንዳንዱም ዕቃ በስሙ ቤት የሚመታ ግጥም አለው። ደብዳቤዎቿ በ1763 ታትመው በብዙ ሰው እጅ ገቡ። ይህ ዘዴ በፈረንሳይ ጸሐፊዎች ዘንድ «ሴላም» ተብሎ ታወቀ፤ ቃሉም እኛ ጧት ማታ «ሰላም» ብለን ከምንለዋወጠው ቃል ጋር ዘሩ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ በ1819 ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም ስለ አበባ ቋንቋ የሚናገር መጽሐፍ በፓሪስ ወጣ፤ በ1884 ደግሞ ኬት ግሪናዌይ የምትባል እንግሊዛዊት ሠዓሊ ራስዋ በሣለቻቸው ሥዕሎች ያጌጠ የአበባ ቋንቋ መጽሐፍ በለንደን አሳተመች።

እንግዲህ ልብ በሉ። የአበባ ትርጉም ሰው የሰጠው እንጂ ከአበባው ጋር የበቀለ አይደለም። ክሪሳንተመም በጃፓን የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ዓርማ ነው፤ በፈረንሳይ አገር ግን በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ሙታን ሲታሰቡ በመቃብር ላይ የሚቀመጥ አበባ ነው። ስለዚህ ለፈረንሳያዊ ወዳጅ የልደት ስጦታ ብሎ ክሪሳንተመም የሚልክ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው እናንተው ገምቱ!

ወሩም ቢሆን እንደ ትርጉሙ ሁሉ በአገሩ ነው። ዳፎዲል የማርች አበባ የሆነው በእንግሊዝ አገር ክረምቱ አልፎ ምድር ስትሞቅ በዚያ ወር ስለሚያብብ ነው። በዚያው አገር ሐውቶርን የሚባል ነጭ አበባ ያለው እሾኻም ቁጥቋጦ አለ፤ በሜይ ወር ስለሚያብብ ስሙን «ሜይ» ብለው ይጠሩታል። በ1752 የእንግሊዝ መንግሥት የቀን አቆጣጠሩን ሲያሻሽል 11 ቀን ተዘለለ፤ ሕዝቡም ሴፕቴምበር 2 ቀን ተኝቶ ሴፕቴምበር 14 ቀን ነቃ። ሐውቶርን ግን አዋጁን አልሰማም። በቀድሞ ጊዜው ማበቡን ስለ ቀጠለ፥ በአዲሱ አቆጣጠር ሜይ 1 ቀን ሲከበር አበባው ብዙ ጊዜ ሳይፈነዳ ይቀር ጀመር። ሰው ወረቀቱን ለወጠ፤ ምድር ግን የራስዋን ቀን ትቆጥራለች።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ ምክንያት አለ። ባለፈው ዓመት በሥዕል ክበባችን እያንዳንዳችን የልደት ወራችንን አበባ በውሃ ቀለም እንድንሥል ታዘዝን። እኔ የመስከረም ልጅ ስለ ሆንሁ አስተር ደረሰኝ። አበባውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ከካርድ ላይ ገልብጬ ሣልሁትና ደስ ብሎኝ ለእናቴ አሳየኋት። እናቴም ጥቂት ተመልክታ፥ «ልጄ፥ ይህ የማን አገር አበባ ነው?» አለችኝ። የልደቴ አበባ መሆኑን ብነግራት ሳቀችና፥ «አንተማ የተወለድኸው አደይ በደጃችን ፈክቶ፥ ደመራ ሳይተከል ነው» አለች።

ወደ ትምህርት ቤት ስገባ የተወለድሁበትን ቀን ስትጠየቅም የመለሰችው ይህንኑ ነበር። በመዝገቡ ላይ ግን «አደይ ሲፈካ» ተብሎ ስለማይጻፍ መስከረም 1 ቀን ተባለ። ከእናንተም መካከል እንደ እኔ መስከረም 1 ቀን የተወለዱ ብዙዎች መኖራቸውን አውቃለሁ! የአውሮፓውን ዝርዝር እንዳለ ብንወስድ ደግሞ፥ መስከረም 10 ቀን ለተወለደ አስተር ሲደርሰው፥ መስከረም 25 ቀን ለተወለደው የኦክቶበር አበባ ይደርሰዋል። ሁለቱ ግን በአንድ አደይ መካከል የተወለዱ ናቸው።

ስለዚህ አደይን ለመሣል ተነሣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አበባ ነውና በቃሌ ሣልሁት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ሥዕሉን እንዳየች፥ «አበባውስ ይሁን፤ ቅጠሉ ግን የአደይ አይደለም» አለች። እውነትዋን ነበር። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀና ቀጭን ሲሆን፥ እኔ የጽጌረዳ ቅጠል ሰጥቼው ኖሯል! 18 ዓመት አብሮኝ የኖረውን አበባ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሜዳ አበቦችን ልብ እንድንል ያስተማረው ቃል በዚያን ቀን ገባኝ።

በማግሥቱ አንድ የአደይ ዘንግ ቀጥፌ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምሁና እንደ ገና ጀመርሁ። የውሃ ቀለም ጠባይ ከሌላው ቀለም ይለያል። ነጭ አይቀባበትም፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል። መጀመሪያ ፈዛዛው፥ ቀጥሎ ደማቁ ይቀባል፤ ጨለማውን አስቀድሞ የቀባ ሰው ወደ ብርሃን ለመመለስ ይቸገራል። ሁለት ዕቃ ውሃ ማዘጋጀት ደግ ነው፤ አንዱ ለብሩሽ ማጠቢያ፥ ሁለተኛው ለንጹሕ ቀለም። ፊተኛው ቀለም ሳይደርቅ ሌላ ቢጨመርበት ይፈስና ይደባለቃል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የቢጫ ጥላ ነው። እኔ ጥቁር ብጨምርበት ቢጫው ቆሽሾ አረንጓዴ መሰለ። በኋላ ግን ጥቂት ቡናማ በብዙ ውሃ አቅጥኜ ብቀባበት አበባው ከወረቀቱ ላይ ብድግ ያለ መሰለኝ።

ታላላቆቹ ሠዓሊዎችም የሠሩት ሕያው ነገር እያዩ ነው። የጀርመኑ አልብረኽት ዱረር በ1503 አንድ ክምር ተራ የሜዳ ሣር በውሃ ቀለም ሣለ፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ በቪየና ተጠብቆ ይኖራል። የእኛም አገር አበቦች ከብዙ ዘመን በፊት በውሃ ቀለም ተሥለዋል። ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ይዞ መጥቶ ነበር። ባሉጋኒ ኮሶንና ሌሎችን ዕፀዋት በጥንቃቄ ሣለ፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ በጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የገዛ እጁ ሥራ አስመስሎ አቀረበ። ነገር ግን ሥዕሎቹ አልጠፉም፤ ዛሬ በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው የማን እጅ እንደ ሆኑ ይመሰክራሉ።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ስናገር ከውጭ የመጣውን ሁሉ እንጣል ማለቴ አይደለም። የውሃ ቀለም አያያዝን የተማርሁት ከውጭ አገር መጽሐፍ ነው፤ የአደይን ቅጠል በደንብ እንዳየው የረዳኝም እርሱ ነው። ደግሞም ለእኛ አበባ ሥሎ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። በእንቍጣጣሽ ቀን ሴቶች ልጆች አበባዮሽ እያሉ ሲዞሩ፥ ወንዶች ልጆች የአበባና የመልአክ ሥዕል ለየጎረቤቱ ያድሉ የለምን? እንግዲህ የአውሮፓውን ዝርዝር ከመገልበጥ ይልቅ፥ የእነርሱን አሠራር ተከትለን የራሳችንን ወራት እንመልከት። የነሐሴ ልጅ የባቄላ አበባ፥ የጥቅምት ልጅ የኑግ አበባ ሊኖረው ይችላል። በቡና አገር የተወለደውም የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ጫካውን ነጭ የሚያለብሰውን የቡና አበባ ይውሰድ። ትርጉሙንም እኛው እንስጠው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ እናታችሁን ወይም አያታችሁን፥ «እኔ ስወለድ በደጃችን ምን አብቦ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ በመዝገብ ያልተጻፈ ታሪክ ነው፤ የሚያውቁትም ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የነገሩአችሁን አበባ ፈልጋችሁ፥ ከፊታችሁ አስቀምጣችሁ ሣሉት።

እናቴ ዛሬ ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጣለች። ትምህርቴን ስጨርስ የምቀበለውን ምስክር ወረቀት አነብላታለሁ እንጂ ራስዋ አታነበውም። ይህን በእጄ የያዝሁትን የአደይ ሥዕል ግን ያለ አስተርጓሚ ታነበዋለች፤ ስሕተትም ቢኖርበት ታገኘዋለች። ስለዚህ ለእርስዋ ሰጥቼ ንግግሬን እፈጽማለሁ።