የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርት ለመሐንዲስ፤ ስለ ማስትሬት ፕሮግራም አመራረጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ፒያሳ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ የግል ጉዳይ ይመስላል። አንድ መሐንዲስ በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የማስትሬት ዲግሪ ለመማር ቢያስብ የትኛውን ፕሮግራም ይምረጥ የሚለው ጥያቄ ለአመልካቹና ለቤተሰቡ የሚተው እንጂ በጉባኤ የሚነሣ አይደለም የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከወጣት አባሎቻችን መካከል ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡት እየበዙ በመሄዳቸው ለእያንዳንዳቸው የምሰጠውን መልስ ዛሬ ለሁላችሁም ለማቅረብ ወደድሁ።

ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳልርቅ ልጀምር። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ቁልቁል ወርዶ የራስ መኰንንን ድልድይ ይሻገራል። በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከእንጦጦ ተዳፋት የመጣ ሲሆን፣ ወደ ታች ወርዶ ከቀበና ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም በትልቁ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ይህ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና ኃይል መስጠት እንደ ጀመረ ታስታውሳላችሁ። ከእንጦጦ የተሸረሸረው አፈር በእኛ ግርጌ አልፎ ማደሪያው እዚያ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ከድልድዩ በታች ባለው የወንዝ ዳርቻ ላይ አንድ የጋቢዮን ድጋፍ ግንብ እንድነድፍ ታዘዝሁ። የጎርፉን መጠን ያሰላሁት ሁላችንም በምናውቀው ቀመር ነው፤ የዝናቡን ብርታትና የተፋሰሱን ስፋት ወስዶ፣ ከዝናቡ ምን ያህሉ በገጸ ምድር እንደሚፈስ በሚያመለክተው ድርሻ ማባዛት ነው። ድርሻውን ያገኘሁት ከመማሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ነበር። ለሰኔም ለነሐሴም አንድ ቁጥር! ግንቡ የመጀመሪያውን ክረምት ቆመ። በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ከሰኔው የማይበልጥ ዝናብ በጣለበት ሌሊት፣ መሠረቱ ተቦርቡሮ ተንሸራተተ። ሰው አልተጎዳም፤ የአንዲት አረጋዊት ማድ ቤት ግን ከነምድጃው ሄደ። በማግሥቱ ስደርስ እኒያ እናት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ በሰኔ እኮ መሬቱ ይጠጣል፤ በነሐሴ ጠግቦ ነው የሚያድረው፣ የመጣለትን ሁሉ ይመልሰዋል» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አካባቢው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሥራ መልኩ እጅግ በመለወጡ፣ ዛሬ ግንቡ የነበረበትን ቦታ አሳይ ብባል በእርግጠኝነት ለማሳየት እቸገራለሁ።

እኒያ እናት የነገሩኝ በመሣሪያ የተለካ ሐቅ መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊትዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አቋቁመው፣ ወሎ በማይባር፣ ሰሜን ሸዋ በአንዲት ጥድ፣ ጎጃም በአንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎች ከፍተው ነበር። በእነዚህ ጣቢያዎች ዝናቡ፣ የወንዙ ከፍታና በውሃው ውስጥ ያለው ደለል ለዓመታት ያለማቋረጥ ተመዝግቧል። በአሜሪካ እርሻዎች ላይ የተመሠረተውን የአፈር መሸርሸር ቀመር ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ሁኔታ ያስማማው በዚህ ሥራ ውስጥ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር በተፋሰስ አያያዝ የማስትሬት ትምህርት እዚያው ባሕር ዳር ሲሰጥ፣ የእነዚሁ ጣቢያዎች መዝገብ እንደገና ተመረመረ። የተገኘውም፣ እኩል የሆነ ዝናብ በክረምቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ የበዛ ጎርፍ እንደሚያስከትል፣ ጎርፉም በአብዛኛው የሚነሣው በውሃ ከጠገበው የሸለቆ ወለልና ከተራቆተው መሬት እንደሆነ ነው። የእኔ ሠንጠረዥ ይህን አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ስለ ምርጫ። «የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። በደን ትምህርት የተመሠረተውና ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ወንዶ ገነት ከዛፍ ተነሥቶ ወደ አፈር ይሄዳል። ሐረማያ ከእርሻ ይነሣል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተከፈተው አርባ ምንጭ ለእኛ ለመሐንዲሶች ቋንቋው የቀረበ ነው። ከወንዙ ማዶ አራት ኪሎ የአካባቢ ሳይንስ ይሰጣል፤ ፒያሳ አካባቢ የሚኖር ሰው በእግሩ ሄዶ ሊማር ይችላል፣ ብዙዎቻችንም በቅርበቱ ብቻ እንመርጠዋለን፣ ይህም ነውር አይደለም። ወደ ውጭ የሚሄዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመሩት ወደ ሆላንድ ነው፤ ወደ ዋኸኒንገን፣ የሳተላይት ምስልና የካርታ ሥራ ለመማርም ወደ ኤንስኬዴ። የሁሉም ዲግሪ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ስሙንና የትምህርት ዓይነቶቹን ዝርዝር ከማነጻጸር በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እመክራለሁ፤ ተማሪው ክረምቱን የት ያሳልፋል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በአገራችን የትምህርት ዘመን ግን እንደ ልማዱ በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ነው። አፈሩ የሚሄደው፣ ክትሩ የሚፈተነው፣ እርከኑ የሚደረመሰው ያን ጊዜ ነው። ተማሪው በጥቅምት ወደ መስክ ወጥቶ የደረቀ ቦይ ይለካል፣ ለገበሬውም መጠይቅ ያድላል። የአንድ ዓመት ፕሮግራም ይዞ ውጭ አገር የሚማረውማ አንድም የኢትዮጵያ ክረምት ላያይ ይችላል። ሁለት ክረምት በአንድ ተፋሰስ ላይ የሚያቆይ ፕሮግራም ሲገኝ፣ የትምህርት ቤቱ ዝና አነስ ቢልም እንኳ ሊታሰብበት ይገባል።

ለእኔ ከሁለት ቦታ የመቀበያ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። አንደኛው በውጭ አገር የአንድ ዓመት ትምህርት ሲሆን ሙሉ ወጪ የሚሸፈንበት ነው። ሁለተኛው እዚሁ አገር ውስጥ ሆኖ ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ ደመወዝም የሚያስቀር ነበር። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችን ተወልዳ ነበር። አለቃዬ «ይህ ለግብርና ባለሙያ እንጂ ለመሐንዲስ አይመጥንም» ብለው ለእድገት እንደማይቆጠርልኝ አስቀድመው ነገሩኝ፤ አልተቆጠረልኝምም። ባለቤቴ ብቻ «ያ ማድ ቤት እንቅልፍ ነሥቶህ የለም?» አለችኝ። ሁለተኛውን መረጥሁ። ሁለት ክረምት በሰሜን ሸዋ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር በሌሊት እየተነሣሁ የውሃውን ከፍታ አነበብሁ፣ የደፈረሰውን ውሃ በጠርሙስ ቀድቼ፣ አጣርቼ፣ አድርቄ ሚዛን ላይ አኖርሁ። የፍሰቱ ድርሻ ከሳምንት ሳምንት ሲያድግ በዓይኔ አየሁት።

የክፍል ጓደኞቼም ሌላ ትምህርት ቤት ነበሩ ለማለት እደፍራለሁ። አብዛኞቹ ከደንና ከእርሻ ትምህርት የመጡ ነበሩ። አንድ ቀን ስለ እንጦጦ ስንከራከር፣ ተዳፋቱ በባሕር ዛፍ ስለ ተሸፈነ አፈሩ ተጠብቋል ብዬ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት እንዳዳናት ማን ይክዳል? የደን ባለሙያው ጓደኛዬ ግን ቅጠሉ ተጠርጎ ለማገዶ ስለሚወርድ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ራቁቱን መሆኑን፣ የሚሸፍነው ዛፉ ሳይሆን ወድቆ የሚበሰብሰው ቅጠልና ሣሩ መሆኑን እዚያው ወስዶ አሳየኝ። እኔ ከላይ ከአውሮፕላን እንደሚያይ ሰው ነበር የማየው። መሐንዲሶች ብቻ የሚማሩበት ክፍል ይህን አይሰጥም።

የሌላውንም ወገን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በዚያው ዓመት ወደ ውጭ የሄደው የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ ቀድሞ ተመለሰ፣ ከእኔ የተሻለ ደመወዝም አገኘ። የሳተላይት ምስል ንባብ ችሎታው እኔ ዘንድ የለም፤ ካርታ ስፈልግ ዛሬም የምሄደው ወደ እርሱ ነው። በቢሮ ውስጥ ሰፊ አካባቢ ለሚያቅድ ሰው የእርሱ መንገድ ሳይሻል አይቀርም። ቦይ፣ ክትርና የድጋፍ ግንብ ለሚነድፍ ሰው ግን የእኔን አስበልጣለሁ።

አመልካች የሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ወደምታስቡት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። በቅርብ ዓመታት የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች አውጡና ርእሱን አልፋችሁ መረጃው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቦታ፣ በማን እጅ እንደተለካ የሚገልጸውን ምዕራፍ አንብቡ። አማካሪው መምህር ለመጨረሻ ጊዜ በነሐሴ መስክ የወጡት መቼ እንደሆነ በትሕትና ጠይቋቸው። እኔ ስጠይቅ አንደኛው ሳቁ፤ ሁለተኛው ከመሳቢያቸው ጭቃ የነካው የማስታወሻ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ።

ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ እስከ ድልድዩ አብረን ብንወርድ ደስ ይለኛል።