የረጅም ጊዜ የሆርሞን የወሊድ መቆጣጠሪያና የማኅፀን በር ካንሰር፦ «እጥፍ» የሚለውን ቃል ስለ ማንበብ



የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ለብዙ ዓመታት መውሰድ የማኅፀን በር ካንሰርን ያመጣል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «ተራ ወሬ ነው» ይላል፤ ሌላው «ተዉት፣ መርዝ ነው» ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም።

የበሽታው ሥር ይታወቃል። ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ የዚህ ካንሰር መነሻ መሆኑን በማሳየታቸው ነው። ስለዚህ ሆርሞኑ በሽታውን ከባዶ አይፈጥርም፤ የሚጠረጠረው በሰውነት ውስጥ የቆየውን ኢንፌክሽን ወደ ካንሰር እንዲያመራ በማገዝ ነው።

ዋናው ማስረጃ በ2007 በላንሴት መጽሔት የታተመው ትንተና ነው። የ24 ጥናቶችን መረጃ አሰባስቦ ካንሰሩ የተገኘባቸውን 16,573 ሴቶች ካልተገኘባቸው 35,509 ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። እንክብሉን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ እየወሰዱ ያሉ ሴቶች ሥጋት ፈጽሞ ካልወሰዱት 1.9 ጊዜ ያህል ሆኖ ተገኘ። መውሰዱን ካቆሙ በኋላ ሥጋቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ካልወሰዱት ጋር ተስተካከለ።

«እጥፍ» የሚለው ቃል ያስደነግጣል። ይሁንና የምን እጥፍ? በዚያው ትንተና ግምት፣ በታዳጊ አገሮች ከ20 እስከ 30 ዓመቷ እንክብል የወሰዱ ሴቶች እስከ 50 ዓመታቸው በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው ከ1,000 ሴቶች ከ7.3 ወደ 8.3 ከፍ ይላል። ከሺህ አንዲት ሴት መሆኗ ነው። ለእርሷና ለቤተሰቧ ይህ ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን እንክብሉ የማኅፀን ግድግዳና የእንቁልጢ ካንሰርን እንደሚቀንስ፣ ያልተፈለገ እርግዝናም የራሱ አደጋ እንዳለው ሳይመዝኑ «ተዉት» ማለት ኃላፊነት የጎደለው ምክር ነው።

እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ኮንዶም እምብዛም ስለማይጠቀሙ ለቫይረሱ ይበልጥ ተጋልጠው ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተማሪዎች ይቀርብልኛል። ሆኖም ቫይረሱ በተገኘባቸው ሴቶች መካከል ብቻ ሲነጻጸርም ተመሳሳይ አዝማሚያ ታይቷል። በበኩሌ ግንኙነቱ በአብዛኛው እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞኖችን አጣምረው የያዙ እንክብሎችን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት መድቧቸዋል።

በአገራችን ግን ከእንክብል ይልቅ በብዛት የሚወሰደው መርፌ ነው። መርፌን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ የተገኘው ሥጋት ካልወሰዱት 1.22 ጊዜ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የተጠኑት ሴቶች ቁጥርም አነስተኛ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ለሦስት ወር የሚያገለግለውን መርፌ የምትወጋ ሴት በአምስት ዓመት ሃያ ጊዜ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። በእነዚህ ሃያ ቀናት ውስጥ ዕድሜዋ ሠላሳ የሞላት ሴት አንድ ጊዜ እንኳ የማኅፀን በር ምርመራ ሳታደርግ ልትመለስ ትችላለች። አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ የቅድመ ካንሰር ለውጥ ቢገኝም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ማከም ይቻላል። መርፌ የሚሰጠው ክፍልና ምርመራ የሚደረግበት ክፍል በአንድ ግቢ እያሉ የማይተዋወቁ ከሆነ፣ የላንሴትን ቁጥር መጥቀሳችን ለዚያች ሴት የሚጨምርላት ነገር የለም።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።